ለአማኑኤል ልጅ የትኛው ጀልባ ይሁን?

ነገሩ ወዲህ ነው። ሰሞኑን አንድ ጓደኛችን ከሚኒሶታ ደወለልን። ሰላምታውን አጠር፣ ጥያቄውን ረዘም አድርጎ «ጀልባ ልገዛ ነው፤ የትኛውን ልግዛ?» አለን። መቼም አልሳቅንም ብንል ውሸት ነው። እኛ እዚህ የጤፍ ዋጋ ስንት ገባ እያልን ስንጨነቅ እሱ እዚያ ሆኖ የጀልባ ቀለም ያማርጣል! ስልኩ ላይ አምስት ሆነን ተደርድረን ነበር፤ አምስታችንም አንድ ላይ ነው የሳቅነው።

እሱ ግን ቀልዱን አይደለም። እዚያ አገር በክረምት በረዶ፣ በበጋ ሐይቅ ነው ኑሯቸው። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ወጥቶ ዌክቦርድ የሚሉትን ጨዋታ ለመደ። እንደ ስኬትቦርድ ያለ ሰሌዳ በእግር ላይ ይታሰርና ከ18 እስከ 23 ሜትር በሚደርስ ገመድ ከጀልባ ኋላ እየተጎተቱ በውኃ ላይ መንሸራተት ነው። ጀልባው ጥሎት የሚሄደውን ሞገድ እንደ መወጣጫ ተጠቅመው ይዘሉበታል። ጓደኛችን ልቡ በዚህ ነገር ጠፍቷል። አሁን ያሰበው ጀልባ ገዝቶ፣ ወደ አገር አስገብቶ፣ ጣና ላይ ከእህቶቹ ልጆች ጋር ሊጫወትበት ነው። እናቱንም ደሴቶቹን ሊያሳልማቸው።

እንግዲህ ምክር ተጠይቀናል። ከሳቁ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ስንጨቃጨቅበት ሰነበትን። እዚህ የምንጽፈው የጭቅጭቁን ውጤት ነው። ጀልባ መግዛት የማይታሰበው አንባቢያችን (ማለትም ሁላችሁም፣ እኛም ጭምር) ታገሱን። አንድ ቀን ባሕር ዳር ወይም ላንጋኖ ላይ በሰው ጀልባ መሳፈራችሁ አይቀርም።

ጓደኛችን የተወለደው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባለችው አማኑኤል ነው። የደጋ ልጅ ነው። የደጋ ልጅ ውኃን የሚያውቀው በሦስት መልኩ ነው፦ ምንጭ፣ ጠበል እና በክረምት ከብት የሚወስድ ደራሽ። አባይ ጎጃምን በሦስት ማዕዘን ከቦታል ይባላል እንጂ ለደጋው ሰው አባይ ከገደል ሥር ያለ፣ ቆላ ወርደው የሚፈሩት ነገር ነው። ከሞጣ ወደ በጌምድር የሚያሻግረውን ሰባራ ድልድይ አስታውሱ። በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገርለታል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወገቡ ከተቆረጠ በኋላ ሰው ለአሥርት ዓመታት በገመድ እየተንጠለጠለ፣ በወዲያና በወዲህ ማዶ የቆሙ ጉልበተኞች እየጎተቱት ነበር የሚሻገረው። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራለት። የጓደኛችን እናት በልጅነታቸው ስለዚያ ገመድ ሲወራ የሰሙ ናቸው። ልጃቸው ሚኒሶታ ውስጥ በገመድ እየተጎተተ ውኃ ላይ እንደሚጫወት ሲነግራቸው «ምን አጥተህ?» ነው ያሉት።

ይህን ታሪክ ያመጣነው ለወግ ማሳመሪያ አይደለም። ጀልባው ላይ የሚሳፈሩት እነማን ናቸው የሚለውን ለማወቅ ነው። እህቶቹ አይዋኙም። ልጆቻቸው አይዋኙም። ከእኛ ከአምስታችን የሚዋኘው አንድ ነው፤ እሱም «እዋኛለሁ» የሚለው ፍልውኃ ገንዳ ውስጥ እግሩ መሬት እየነካ ነው። በፊልሙ ላይ የምናየው የጀልባ ቤተሰብ ከጨቅላነቱ ዋና የተማረ ነው። የእኛው ቤተሰብ ሌላ ነው። ጀልባም የሚመረጠው ለዚህኛው ቤተሰብ ነው።

ጓደኛችን መጀመሪያ የላከልን ፎቶ ለዌክቦርድ ብቻ ተብላ የተሠራች፣ ላይዋ ላይ የብረት ማማ የተተከለባት፣ እጅግ ቆንጆ ጀልባ ነበረች። ማስተርክራፍት፣ ማሊቡ፣ ናውቲክ የሚባሉት ስሞች የሚታወቁት በዚህ ነው። አዲሶቹ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃሉ። ዶላር ደግሞ ከሐምሌ 2016 በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፏል። ጉምሩኩን ገና አልቆጠርንም። ለነገሩ ገንዘቡ የእሱ ነው፤ የኛ ጠብ ከዋጋው ጋር አልነበረም።

የኛ ጠብ ከሞገዱ ጋር ነው።

እነዚህ ጀልባዎች የሚሸጡት በሚያነሡት ሞገድ ነው። ሆዳቸው ውስጥ ጋን አላቸው። በፓምፕ ውኃ ይሞላሉ፤ አንዳንዶቹ ከሺህ ኪሎ በላይ ይጭናሉ። ዓላማው ጀልባው ከብዶ ወደ ውኃው እንዲሰምጥና ኋላው ትልቅ ሞገድ እንዲተው ነው። ለሚዘለው ሰው ደስታ ነው። ሞገዱ ግን ጨዋታው ሲያልቅ አያልቅም፤ መንገዱን ይቀጥላል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት፣ ለሞገድ የተጫነች ጀልባ የምታነሣው ሞገድ ተራ ጀልባ ከዳር 60 ሜትር ርቃ ከምታደርሰው ጋር እኩል እንዲሆን ከ150 ሜትር በላይ መራቅ አለባት ብለዋል። ያ እንግዲህ የሐይቅ ዳር ቪላ ላላቸው ሰዎች የተሠራ ሒሳብ ነው። እዚያ ሞገዱ የሚመታው የእንጨት መድረክና ሣር ነው።

ጣና ላይ ሞገዱ የሚመታው ታንኳ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም ሳለ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ ስንሄድ አንድ ነገር አይተን ነበር። ማገዶ ተሸክማ ወደ ከተማው የምትመጣ የደንገል ታንኳ አለች። እኛ ያለንበት የቱሪስት ጀልባ ፍጥነቱን ሳይቀንስ አጠገቧ አለፈ። ቀዛፊው ታንኳዋን ቶሎ ብሎ አፍንጫዋን ወደ ሞገዱ አዞረ። ከፍ አለች፣ ዝቅ አለች፣ ከማገዶው ጥቂቱ ውኃ ውስጥ ገባ። ሰውየው አልተሳደበም። እኛ ፎቶ እያነሣን ነበር። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ያየነው ፎቶውን እንጂ ማገዶውን አልነበረም።

በኋላ ዳር ላይ አንድ ሸምገል ያሉ ባለታንኳ አግኝተን «አባቴ፣ ማዕበል አያስቸግርም?» ብለን ጠየቅናቸው። «የነፋሱን እናውቀዋለን ልጆቼ፤ ሰዓት አለው። ጠዋት እንወጣለን፣ ሳይነሣ እንገባለን። የሞተሩ ነው ሰዓት የሌለው» አሉን። ደንገል ውኃ እየጠጣ በሄደ ቁጥር ታንኳ ዝቅ ትላለች። ጥቂት ወራት አገልግላ ሌላ ትታሰራለች። እንግዲህ እንደዚህ ዝቅ ብላ የምትሄድ ታንኳ ባለችበት ውኃ ላይ «ሞገዷ ትልቅ ነው» ተብላ የተመረጠች ጀልባ ማምጣት ምን ማለት ነው? ጓደኛችን ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን የሚኒሶታን ጀልባ ሲያስብ የሚኒሶታን ውኃም አብሮ እያሰበ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክራችን ይህ ሆነ፦ ጋን ያላትን ተዋት። ከአምስት ሜትር ተኩል እስከ ስድስት ሜትር የምትሆን፣ ከፊትም ከኋላም መቀመጫ ያላት፣ ቦውራይደር የምትባለውን ተራ የቤተሰብ ጀልባ ግዛ። ያገለገለች ከሆነች በሃያ ሺህ ዶላር አካባቢ ይገኛል። ዌክቦርድ ለጀማሪ ትልቅ ሞገድ አይፈልግም፤ እንዲያውም ጀማሪውን የሚጥለው እሱ ነው። የለመደ ሰው በሰዓት ከ30 እስከ 37 ኪሎ ሜትር ይጎተታል፤ ልጅ 25 አካባቢ ይበቃዋል፣ ገመዱም ያጥራል። ይህን ተራ ጀልባ ያደርገዋል። በዚህ ላይ ከአምስታችን አንዱ አልተስማማም። «ሕልሙን አሳነሳችሁበት» ብሎ ተቆጣ። ይቆጣ።

ከዚያ ወደ ሞተሩ መጣን፤ ረጅሙ ጭቅጭቅ ይሄ ነበር። ሞተር ሦስት ዓይነት አቀማመጥ አለው። አንደኛው ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ፕሮፔለሩ ከሆዷ ሥር የሚዞር። ሁለተኛው ሞተሩ ውስጥ፣ ፕሮፔለሩ ግን ከኋላ የወጣ። ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ከኋላ የሚንጠለጠለው፣ በጣና ጀልባዎች ላይ የምናውቀው አውትቦርድ። ስለ ደኅንነት ካወራን አንደኛው ይሻላል። ፕሮፔለሩ ከጀልባዋ ጫፍ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ስለሆነ ከኋላ የሚወጣና የሚወርድ ልጅ እግር ቶሎ አያገኘውም። ያለ ገመድ ሞገዱን ተጠግቶ የሚጋለበውን ዌክሰርፍን ከኋላ በወጣ ፕሮፔለር አጠገብ መጫወት ደግሞ ራስን መቁረጥ ነው፤ አይሞከርም።

ታዲያ ለምን አውትቦርድ ግዛ አልነው? በእምቦጭ የተነሣ። ጣና ላይ እምቦጭ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ዘመቻ እንደወጣበት ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ በዩኒቨርሲቲ ሳላችሁ በእጃችሁ ነቅላችሁታል። ይህ አረም ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፤ ሞተሩ ለማቀዝቀዣ ውኃ የሚስብበትን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ያን ጊዜ ሞተር ይግላል። ፕሮፔለሩ ከሆዷ ሥር ከሆነ የተጠመጠመውን ለመፍታት አንድ ሰው ውኃ ውስጥ መግባት አለበት። ማን ይግባ? የማይዋኘው የእህት ልጅ? አውትቦርድ ከሆነ ሞተሩን ወደ ላይ ማንሣት፣ ከጀልባዋ ሆኖ አረሙን ማላቀቅ፣ መልሶ ማውረድ ነው። ደግሞም ባሕር ዳር ውስጥ ሲበላሽ የሚነካውን የሚያውቅ ሰው የሚገኘው ለዚህኛው ሞተር ነው። መለዋወጫ ከአትላንታ እስኪመጣ ድረስ ሰኔ ይገባል።

ቢልሃርዚያም አለ። ጣና ዳር፣ ቀንድ አውጣው በሚኖርበት ቄጠማና ሣር አካባቢ፣ ዋነኛው አደጋ እዚያ ነው። ዌክቦርድ የሚጫወት ሰው ደግሞ ሲወድቅ ነው የሚውለው። ስለዚህ ከዳር እየተራመዱ አይገባም። ከራቅ ያለው ውኃ ላይ ከጀልባ መውረድ፣ ከዚያው መውጣት። በዚያ ላይ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ። እንዲህ ካለ ጎረቤት ጋር ገመድ ዘርግቶ መጫወት የሚያምረው ሰው ካለ እኛን አይጠይቅ።

አንድ ሻጭ የማይነግርህ ነገር ደግሞ ከፍታ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን ያጣል፦ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል። ሚኒሶታ ላይ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ጣና ሲደርስ 95 አካባቢ ሆኖ ነው የሚሠራው። ሰው ገመድ ይዞ ከውኃ ሊነሣ ሲል ሞተሩ ያቃስታል። መፍትሔው ትልቅ ሞተር መግዛት ብቻ አይደለም። የፕሮፔለሩን ጠመዝማዛ አነስ ማድረግም አለ። ልክ ተራራ ላይ ማርሽ እንደሚቀነሰው መኪና ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ፕሮፔለር ይዘህ ና አልነው፤ አንዱ ድንጋይ ሲመታው ለተጠባባቂም ይሆናል። እኛም እንግዲህ ይህን ስናወራ የጀልባ ሊቅ መሰልን። አፄ ቴዎድሮስ እንኳ ጣና ላይ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር የተገጠመለት የደንገል ጀልባ አሠርተው እንደነበር እስረኛቸው የነበረው ሐኪም ብላንክ ጽፏል። እሳቸው ያን ጊዜ ነዳጅ ሰልፍ አልነበረባቸውም።

ጣና የግድ ነው ወይ የሚል ጥያቄም ተነሥቷል። ላንጋኖ ውኃው ደፍርሶ ቢታይም ለመዋኛ ስሙ የወጣ ነው፤ ከአዲስ አበባም ቅርብ ነው። ደለሉ ግን የማቀዝቀዣ ፓምፑን ላስቲክ ቶሎ ይበላል። የቢሾፍቱ ባቦጋያ ጠበብ ያለ ሐይቅ ስለሆነ አንድ ጀልባ ብቻውን ሊያናውጠው ይችላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 በተመረቀው ሕዳሴ ግድብ ኋላ የተኛው ንጋት ሐይቅ ደግሞ የሚያስጎመጅ ስፋት አለው። አዲስ ግድብ ግን ሥሩ ምን ግንድ እንዳለ የማይታወቅ ውኃ ነው፤ ሌላው ይሞክረውና እንስማ። ጓደኛችን ለማንኛውም «እናቴን ላንጋኖ ወስጄ ምን ላሳልማት?» ብሎ ዘጋን። ጣና ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ያችኛዋ ስድስት ሜትር የማትሞላ ጀልባ ላይ፣ የአሜሪካ ሥሪት ከሆነች፣ ስንት ሰውና ስንት ኪሎ እንደምትይዝ የሚገልጽ ትንሽ ሰሌዳ ተለጥፎባታል። ሰባት ሰው ይላል እንበል። የእኛን አገር ታውቃላችሁ። «ጠጋ ጠጋ በሉ» የተፈለሰፈው እዚህ ነው። እህቶቹ፣ ልጆቻቸው፣ የአክስቱ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ እንጀራ የያዘው ሞሰብ፣ ከዚያም «ከዘጌ እስከዚህ ብቻ አድርሱኝ» የሚሉ አንድ ቄስ። ማን ነው ቄሱን እምቢ የሚል? ታክሲ ሲጨናነቅ ላብ ነው። ጀልባ ሲጨናነቅ ግን ጠርዟ ወደ ውኃው ይወርዳል፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ሊያነሣ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ውኃ እንዲህ ያለው ነው። ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ዝም አለ። የሚኒሶታው ጌታ እናቱ ፊት ሰው ሊያስወርድ እንደማይችል ገብቶታል። ስለዚህ ከመውጣቱ በፊት ይወሰን፦ ጃኬት የሌለው አይሳፈርም፤ ጃኬቱም በሰሌዳው ልክ ሰባት ብቻ ይሁን። ያኔ እምቢ የሚለው እሱ ሳይሆን ጃኬቱ ይሆናል።

ጃኬቱ ራሱ ሌላ ጉድ ነው። በጉዟችን ጊዜ የተሰጠን ብርቱካናማ ጃኬት ማሰሪያው የተበጠሰ ነበር፤ አንዳችን ላይ በነጠላ ታስሯል። በልጅ ላይ ትልቅ ሰው ጃኬት ካጠለቅህ ልጁ ውኃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ልጁ በሥሩ ይሾልካል። በየልጁ ኪሎ ይገዛ። ሚኒሶታ ውስጥ ከአሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባዋ ስትንቀሳቀስ ጃኬት መልበስ ግዴታው ነው። የምትጎትተውን ሰው የሚያይ ተጨማሪ ሰው ወይም ሰፊ መስታወትም መኖር አለበት። ለመስታወቱ ይቅርብን፤ ሰው ይቀመጥ። የሚነዳው ወደፊት ይይ፣ ሌላው ገመዱን ይይ። ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድ በነጂው እጅ ይታሰር። ከኋላ መሰላል አጠገብ ሰው ካለ ሞተር ይጥፋ። «ገለል» አድርጎ ማቆየት የሚባል የለም፤ ይጥፋ።

ለዚህ ሁሉ ደግሞ አሁን ጊዜው አይደለም። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከአማኑኤል ባሕር ዳር መሄድ ለተሳፋሪም ከባድ ሆኖ የከረመ ነገር ነው። ጀልባ በመኪና እየጎተቱ በዚያ መንገድ ማለፍ ማለት በየኬላው ተአምር መተረክ ነው። ይህን ለጓደኛችን ስንነግረው «አውቃለሁ፤ እናቴም ከቤት አትወጣም» አለ። ድምፁ ሌላ ሆነ። ጀልባዋ ለካ ግማሹ ናፍቆት ነበረች።

እስከዚያው እዚያው ሐይቅ ላይ ይልመዳት። በዚያ አገር ሕግ ጀልባን ከሐይቅ አውጥተህ መንገድ ላይ ስትጎትት የውኃ መልቀቂያ መክደኛዋ መነቀል አለበት፤ አረም ተንጠልጥሎባት መሄድ ክልክል ነው። የዚህን ሐይቅ ተባይ ወደዚያኛው እንዳታደርስ ነው። ያንን ልማድ ይዞልን ይምጣ። እምቦጭ በቆቃም በአዋሽም ቆይቷል፤ ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው ጀልባ የሚያመላልስ ሰው ሁሉ ይጠርግ፣ ያፍስስ፣ ያድርቅ።

ትናንት መልእክት ላከልን። ያገለገለች፣ ነጭ፣ ባለ 115 አውትቦርድ አይቶ ቀብድ ከፍሏል። ከዚያ በፊት ግን ለእህቶቹ ልጆች ሦስት ትንንሽ ጃኬት ገዝቶ በሰው ልኳል። ባሕር ዳር ያለችው እህቱ ልጆቿን ዋና ልታስለምድ ገንዳ እየፈለገች ነው። እናቱ በስልክ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው አለን፦ «ገመዱን የሚያየው ማን ነው?»

ያልተስማማው ጓደኛችን «እኔ» ብሏል። መጀመሪያ ግን ዋና ይማር ብለነዋል።